የ1969 ቼቬልና ዘመናዊ ካምቢዮ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ብዙዎቻችሁ ስለ አንድ ነገር ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ነገሩ እንደ ቼቬል፣ ካማሮና ኖቫ ባሉ የድሮ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስለመግጠም ነው። የማወራው ስለ ጄኔራል ሞተርስ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን፦ የስሮትል ሴንሰሩ (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ሳይስተካከል መኪናውን ከጋራዥ እንዳታወጡ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ የ1969 ቼቬል አለኝ። ሞተሩ 396 ኪዩቢክ ኢንች፣ ካምቢዮው ቱርቦ 400፣ ዲፈረንሻሉ 3.73 ነው። ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ይጮሃል። ካምቢዮ መቀየር ያዋጣል?

በደንብ ያዋጣል። ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፤ ቁጥሩ ሁሉ አለ። ጎማህ 26 ኢንች ከፍታ ካለው፣ በሰዓት 65 ማይል ስትሄድ ሞተርህ በደቂቃ ወደ 3,130 ዙር ይዞራል። ቱርቦ 400 ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛው አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም አንዴ ይዞራል። በኮምፒውተር የሚታዘዘው የ4ኤል80ኢ ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ግን 0.75 ስለሆነ ዙሩ ወደ 2,350 ይወርዳል። በዚያ ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ስለሚቆልፍ ሙቀቱም ይቀንሳል። ዲፈረንሻሉን ስለማትነካ ሲነሳ ያለው ጉልበት አይቀነስም።

ለአንተ ሞተር ሌላውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ካምቢዮ፣ 4ኤል60ኢን፣ አልመርጥም። በ1993 የመጣ፣ ያለ ኮምፒውተር በካቦ የሚሠራው የ700አር4 ካምቢዮ ልጅ ነው። አንደኛ ማርሹ 3.06 ነው፣ አራተኛው 0.70 ነው፤ ቀላልም ነው። ለመለስተኛ ሞተር ግሩም ነው። ትልቅ ሞተር ሲጫነው ግን ሦስተኛና አራተኛን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች (እየተጣበቁ ማርሽ የሚይዙ ሳህኖች) ቶሎ ይቃጠላሉ። ውስጡ ያለው የሰን ማርሹ ሼል (የመሃሉን ማርሽ የሚያዞረው የብረት ቅርፊት) ከተሰበረ ደግሞ ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ አንድ ላይ ይጠፋሉ። 4ኤል80ኢ በ1991 የመጣ፣ ከራሱ ከቱርቦ 400 የወጣ ካምቢዮ ነው። ይከብዳል፣ ግን ይችላል።

ከዳላስ፦ 4ኤል80ኢ ምንም ሳይቆረጥ ሳይበየድ ይገባል?

አይገባም። የካምቢዮው መያዣ ብረት ቦታው ይቀየራል። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም ያጥራል። ካምቢዮው ከተገጠመ በኋላ ለካ እንጂ በወሬ አታስቆርጥ።

ከዴንቨር፦ ኮምፒውተሩ ካርቡራተር ካለው ሞተር ጋር እንዴት ነው የሚግባባው?

ይሄን በደንብ አንብቡት። የድሮው ሞተር ለኮምፒውተር የሚናገረው ነገር የለውም። ስለዚህ ካርቡራተሩ ላይ የስሮትል ሴንሰር እናስራለን። ኮምፒውተሩ ከዚያ በሚያገኘው ቁጥር ሁለት ነገር ይወስናል፤ ማርሽ መቼ እንደሚቀየርና የዘይቱ ግፊት ምን ያህል እንደሚሆን። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ነው። ካምቢዮ የሚገድለው ግን ሁለተኛው ነው። አንተ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ ሴንሰሩ «ትንሽ ነው የተረገጠው» ካለ፣ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ፍሪሲዮኖቹ አጥብቀው አይይዙም፤ ይንሸራተታሉ፤ ይቃጠላሉ። ብዙ ብር የወጣበት ካምቢዮ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል።

ቴስተር ያዝ። ፔዳሉ ሳይነካ 0.5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። እስከ መጨረሻ ሲረገጥ 4.5 አካባቢ። በመሃል ሳይዘል ቀስ እያለ ይውጣ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ኮምፒውተሩ ላይ አስመዝግብ። ኔጌቲቭ ሽቦውን ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አትሰር፤ በቀጥታ ከባትሪው አምጣው።

ከአትላንታ፦ ይሄ ሁሉ ለምን? 700አር4 ግጠሙና ተገላገሉ። ኮምፒውተር የለ፣ የሽቦ ብዛት የለ።

ከሲያትል፦ ወንድሜ፣ የ700አር4 ካቦ በትክክል ካልተወጠረ እሱም ያው ይቃጠላል እኮ።

ከአትላንታ፦ ካቦ ማስተካከል ሽቦ ከመፈለግ ይሻላል። ደግሞ 69 ቼቬል ላይ ኮምፒውተር መግጠም ነውር ነው። ከፋብሪካ የወጣበት ካምቢዮ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል።

ከሲያትል፦ መኪና የሚነዳ ነው ወይስ የሚሸጥ?

ሁለታችሁም እዚህ ላይ ይብቃችሁ። የሲያትሉ ስለ ካቦው ልክ ነው። ያ ካቦ ግፊቱንም ስለሚቆጣጠር አደጋው አንድ ነው። የፋብሪካውን ካምቢዮ በተመለከተ፣ አትሽጡት። ዘይቱ እንዳለ አፉን ዘግታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ሻንሲውን ካልቆረጣችሁ ነገ መመለስ ይቻላል።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ የእኔ ቪትዝ አውቶማቲክ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ይጎትታል። ምን ላድርግ?

እሱ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ልጄ። አጠገብህ ያለ ጥሩ መካኒክ ዘይቱን ይይልህ።

ከቺካጎ፦ የፍጥነት መለኪያዬስ?

ያንተ የሚሠራው በካቦ ነው፤ 4ኤል80ኢ ደግሞ ለካቦ ቦታ የለውም። የኤሌክትሪክ ምልክቱን ወደ ካቦ ዙር የሚቀይር ሳጥን ይሸጣል። ወይም መለኪያውን ቀይር።

ከዳላስ፦ ኮንቨርተሩን በብሎን ስስበው ጠበቀብኝ፣ አይገባም። ልጨምርለት?

አቁም! አሁኑኑ ፍታው። ኮንቨርተሩ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባም ማለት ነው። በብሎን ከሳብከው ፓምፑን ትሰብራለህ። ካምቢዮውን ከሞተሩ አላቅቀው፣ ኮንቨርተሩን እያዞርክ ግፋው። ደረጃ በደረጃ ሲገባ በእጅህ ይሰማሃል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከታሰረ በኋላ በኮንቨርተሩና በፍሌክስፕሌቱ (ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰረው ሳህን) መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ሞተሩ 454 የሆነባችሁ ደግሞ ፍሌክስፕሌቱ ለ454 የተሠራ፣ ክብደት ያለበት ይሁን።

ከሂውስተን፦ 4ኤል80ኢ ገጠምኩ። ሁልጊዜ ከባድ ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ማርሽም አይቀይርም። ካምቢዮው ተበላሽቶ ነው?

ሳይሆን አይቀርም ብለህ አታውርደው። 4ኤል80ኢ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይቀራል፤ ግፊቱም ጣሪያ ይነካል። 4ኤል60ኢ ቢሆን ሦስተኛ ላይ ይቀር ነበር። መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ትልቁን ሶኬት እይ። አንድ ፒን ወደ ኋላ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል።

ከላስ ቬጋስ፦ የእኔ ሲቀይር ትንሽ ይንሸራተታል። ምን ይመስልሃል?

የትኛው ካምቢዮ ነው? ከስንተኛ ወደ ስንተኛ ሲቀይር? ሞተሩስ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ወንድሜ። ሴንሰሩ ተለክቷል?

ከላስ ቬጋስ፦ 4ኤል60ኢ ነው። ሴንሰሩ አዲስ ስለሆነ አልለካሁትም።

ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አዲስ መሆኑ ተስተካክሏል ማለት አይደለም። መኪናውን አቁመውና ቴስተር አምጣ። ፔዳሉ ሳይነካና እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የሚያነበውን ቮልት ጻፍልኝ፤ የዘይቱን ቀለምና ሽታም ጨምርበት። ከዚያ እንቀጥላለን።