ግርጌው ላይ ያለው ዓመት የወረቀቱ ዕድሜ ነው?

ጥያቄ፦ የአንድ ፈረንሳዊ ባላባት ምስል አለኝ፤ በጥቁር ቀለም የታተመ ነው። ሰውየው ረጅም ሰው ሠራሽ ጸጉር አድርጎ ጥሩር ለብሷል፤ ከሥሩ የቤተሰብ አርማ አለ። ግርጌው ላይ በግራ ስምና «ፒንክሲት»፣ በቀኝ ሌላ ስምና «ስኩልፕሲት 1697» ይላል። እውነት የዚያ ዘመን ነው? ወረቀቱ ስለተጨማደደ በካውያ ልተኩሰው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ካውያውን ይተዉት፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ቃላቱ ላቲን ናቸው። «ፒንክሲት» ሣለ፣ «ስኩልፕሲት» ቀረጸ ማለት ነው፤ ስለዚህ የግራው ስም የሠዓሊው፣ የቀኙ የቀራጩ ነው። «አድ ቪቩም» የሚል ቢኖር ኖሮ ባለምስሉን ፊት ለፊት እያየ ሣለው ማለት ይሆን ነበር፤ ፈረንሳዊው ቀራጭ ሮበርት ናንተይ (1623–1678) በዚህ ይታወቃል። 1697 ግን የመዳብ ሰሌዳው የተቀረጸበት ዓመት ነው። ሰሌዳው ቀራጩ ከሞተ በኋላም ሊታተምበት ይችላል።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጉንጩን ይዩ። በእጅ የተቀረጸ መስመር ቀጥኖ ይጀምራል፣ መሐሉ ላይ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ብርሃን ወዳረፈበት ሲጠጋ መስመሩ ተቆራርጦ ነጠብጣብ ይሆናል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ብቻ ካዩ የፎቶ ሕትመት ነው። ጸጉሩ ጠቁሮ ፊቱ ከገረጣ ደግሞ መዳቡ በተደጋጋሚ ሕትመት ተበልቷል፤ ቀድመው የሚጠፉት የፊት ቀጫጭን መስመሮች ናቸውና።

አስቸጋሪው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፎቶ ዘዴ በመዳብ ላይ የተባዛው ነው፤ መደበኛ ነጥብ የለውም፣ የሰሌዳ አሻራም (በዙሪያው የሚቀር ስርጉድ ጠርዝ) አለው። እዚህ ላይ ወረቀቱን በብርሃን አንጻር ይያዙት። የ1697 ወረቀት ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችና በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያቋርጧቸው ሰፋፊ መስመሮች ይታዩበታል። አንድም መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት አውሮፓ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። መስመር መኖሩ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ባለ መስመር ወረቀት ዛሬም ይሠራል።

በምስሉ ዙሪያ ያለው ስርጉድ ጠርዝ የሰሌዳው አሻራ ነው፤ እርጥብ ወረቀት ከመዳቡ ጋር በማተሚያው ሲጨመቅ የሚቀር። ካውያ የሚደመስሰው ይህንኑ ነው። አሻራው ከሌለም አይደንግጡ፤ ሰብሳቢዎች ለአልበም ሲሉ እስከ ክፈፉ ድረስ ይቆርጡት ነበር።

ጭምድዱን ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይተዉ። ስኮች አይለጥፉበት። ከላይ ጠርዙ ላይ ብቻ በሁለት ትናንሽ የጃፓን ወረቀት ቁራጮችና በስንዴ ስታርች ሙጫ አሲድ በሌለው ካርቶን ላይ ያንጠልጥሉት፤ መስታወቱ እንዳይነካው።