ለጽሑፍ ሥራ የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ እመረቃለሁ፤ ለሪፖርት ጸሐፊነት ሥራ እያመለከትኩ ነው። በዎርድ አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። አንዴ የስልኬ ማሳወቂያ ያቋርጠኛል፣ አንዴ ደግሞ የፊደል ቅርጽ ስቀያይር ራሴን አገኘዋለሁ። ሳልዘናጋ ቶሎ ለመጻፍ የትኛው ፕሮግራም ይሻለኛል? ፕሮግራመሮች የሚጽፉበትን ቪም የተባለውን ፕሮግራም ልመደው ወይ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከጥያቄሽ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው የፊደል ቅርጽ በመቀያየሩ ላይ ነው። ዎርድ ማርቀቂያም ማስዋቢያም ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ አልመጣ ሲልሽ እጅሽ ርዕስ ወደ ማድመቅና ኅዳግ ወደ ማስተካከል ይሄዳል። ሥራ የሠራሽ ይመስልሻል፤ ገጹ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለያያቸው፤ መጀመሪያ ጻፊ፣ ማስዋቡ በመጨረሻ ይደርሳል።

ለማርቀቅ ምንም መግዛት አያስፈልግሽም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኖትፓድ ይበቃል። ፎከስራይተር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ስክሪኑን በሙሉ ይሸፍንና ጽሑፍሽን ብቻ ያሳይሻል፤ ማውሱን ወደ ጠርዝ ካልወሰድሽው ሜኑው እንኳ አይታይም። በቃላት ብዛት ወይም በደቂቃ የቀን ግብ ማስቀመጥም ይቻላል።

ሪፖርት ርዕስና ንዑስ ርዕስ ስለሚበዛው ማርክዳውንን ብትማሪ ደስ ይለኛል። ጆን ግሩበር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል የአጻጻፍ ስልት ነው። ከመስመሩ መጀመሪያ # አድርገሽ ክፍት ቦታ ካስከተልሽ ርዕስ ይሆናል፤ ## ከሆነ ንዑስ ርዕስ። እጅሽ ከኪቦርዱ ሳይነሳ የሪፖርቱን አጽም ትሠሪያለሽ። ስትጨርሺ ፓንዶክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ መስመር ትዕዛዝ ወደ ዎርድ ፋይል ይለውጥልሻል።

ቪም ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለአንቺ ግን አሁን አይደለም። ሲከፈት ቁልፎቹ ትዕዛዝ እንጂ ፊደል አይሰጡም፤ ለመጻፍም ለማረምም ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው መሸጋገር አለብሽ። ትዕዛዞቹ ደግሞ በላቲን ፊደል ናቸው፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በየሽግግሩ ኪቦርድ ሊቀይር ነው። ለፕሮግራመር ድካሙ ይክሳል። አንቺ ያንን ጊዜ ኪቦርዱን ሳታዪ በአሥር ጣት መተየብ ልመጂበት። ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ለጽሑፍ ፈተና የምትቀመጪበት ኮምፒውተር ላይ ያንቺ ፎከስራይተር ላይኖር ይችላል፣ የጣትሽ ፍጥነት ግን የትም አብሮሽ ይሄዳል።

ዎርድን እርግፍ አድርገሽ አትተዪው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ የሚቀባበሉት በእሱ ነው፤ አለቃሽ በትራክ ቼንጅስ፣ ማለትም እያንዳንዱን እርማት ምልክት አድርጎ በሚያሳየው የዎርድ መሣሪያ፣ አርሞ ሲመልስልሽ እርማቱን ተቀብሎና ለአስተያየቱ መልስ ሰጥቶ መላክ ይጠበቅብሻል። ይህንን ከመቀጠርሽ በፊት ከጓደኛሽ ጋር ፋይል እየተላላካችሁ ተለማመዱት።

ስልኩን በተመለከተ መላው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መረጃ መፈለግ ሲያምርሽም ብሮውዘር አትክፈቺ። የጎደለው ቦታ ላይ «ይጣራ» ብለሽ እለፊ፣ ረቂቁ ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታሟያለሽ።

ቀጣዩን የማመልከቻ ደብዳቤሽን በዚህ መንገድ ሞክሪው። ከዚያ በኋላም ግማሽ ቀን ከወሰደብሽ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳታስተካክዪ ላኪልኝ፤ የት ላይ እንደምትያዢ አብረን እናየዋለን።