ጃኬት የተጣለበት ወንበር

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሕንፃ ከገባ ወዲህ ቋሚ ጠረጴዛ የለም፤ ቀድሞ የመጣ ያሻው ቦታ ይቀመጣል። ሠራተኛው ግን ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ የልጁን ፎቶ ይለጥፋል፤ ማታ ስናነሣው ጠዋት መልሶ ይለጥፋል። አስተዳደሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፍ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊ እንደመሆኔ ምን ልምከር?

መልስ፦ ደብዳቤው ይቅር። ሠራተኛው እየነገራችሁ ያለው «እዚህ ቤት ቦታ አለኝ» ነው፤ በቅጣት አይተወውም።

ቻያት ዴይ የተባለው የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቋሚ ጠረጴዛን አስቀርቶ ሠራተኛው ላፕቶፕና ስልክ ጠዋት ተረክቦ ማታ እንዲመልስ አድርጎ ነበር። መሣሪያው ስላልበቃ ሰው ደብቆ ማሳደር ጀመረ፤ ፋይሉን መኪናው ውስጥ የሚያስቀምጥም ነበር። አሠራሩ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም።

የማታውን ማንሣት ዛሬውኑ ያስቁሙ። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሬግ ናይትና አሌክስ ሃስላም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ፣ የሥራ ቦታቸውን ራሳቸው ያሰናዱ ሰዎች ከሁሉም የተሻለ ሠሩ። ካሰናዱ በኋላ ሌላ ሰው ሲያፈርስባቸው ግን ጥቅሙ ጠፋ። እናንተ በየማታው የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ይቁጠሩ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 እና 10 ሰዓት ላይ ስንት ጠረጴዛ እንደተያዘ ይመዝገብ፤ ዕቃ ብቻ ያለበት ለብቻው። አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚሳሳተው በአማካይ ሲያሰላ ነው። ለምሳሌ በአማካይ 36 ሰው ይገኛል ተብሎ 40 ጠረጴዛ ቢገዛ፣ ሰኞ ጠዋት 52 ሰው ሲመጣ 12ቱ ቆመው ይቀራሉ። በማግስቱ ሁሉም ማልዶ ጃኬቱን ይጥላል። ስለዚህ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የተገኘውን ቁጥር ይያዙ።

ለእያንዳንዱ ክፍል የታወቀ ቀጠና ይከለል። በየቀኑ ለሚመጡና ከወረቀት ለማይለዩ፣ እንደ ሒሳብና መዝገብ ቤት ላሉ ሠራተኞች፣ ቋሚ ጠረጴዛ ይመለስ። ቁልፍ ያለው ሎከር ለየሰው ያስፈልጋል፤ ቦርሳና ጃኬት የማይችል ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ፎቅ ላይ ከተቀመጠ፣ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ያድራል። በየቀጠናው አንድ ሰሌዳ ይተው፤ ምን እንደሚለጠፍበት ክፍሉ ይወስን፣ ፈቃድ ሰጪ አይሹሙበት።

ሥራ አስኪያጁ በሩ የሚዘጋ ቢሮ ይዘው ሌላውን «ተጋሩ» የሚሉ ከሆነ ግን፣ ሎከሩም ሰሌዳውም ብዙ አይረዱም። እሳቸውም ወደ ቀጠናው ይውረዱ፤ ቢሯቸው በምዝገባ ለሚያዝ ስብሰባና ምስጢር ለሚጠይቅ ስልክ ይዋል።