የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ። ወንጌላትና መዝሙራት ብዙም አያስቸግሩኝም፤ ነቢያትንና መልእክታትን ሳነብ ግን ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደሚናገር ይጠፋብኛል። የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢኖረኝ እንደሚጠቅመኝ ተመክሬ ነበር፤ ዓይነቱ ስለ በዛ ግን መምረጥ ተቸገርሁ። አንድ ወንድም ደግሞ «የእግዚአብሔርን ቃልና የሰውን ማብራሪያ በአንድ ሽፋን ማተም አይገባም፤ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ያስተምርሻል» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? አነስተኛ የጥናት ቡድን ስለምመራ መልሱ ለእኔ ብቻ አይሆንም።

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺም ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። የወንድምሽን ስጋት አስቀድሜ አነሣለሁ፤ እርሱ መልስ ካላገኘ ስለ ምርጫው መነጋገር አይቻልምና። መንፈስ ቅዱስ ያስተምራል ማለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን አስተማሪዎችን እንደ ሰጠ ኤፌሶን 4፥11 ይናገራል። በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ የነበረው ጃንደረባ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ባለ ጊዜ ፊልጶስ አልገሠጸውም፤ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ከዚያው ካነበበው ክፍል ጀምሮ ስለ ኢየሱስ አስረዳው (የሐዋርያት ሥራ 8፥31-35)። በግርጌ የታተመ ማብራሪያ ይህንኑ የማስተማር ሥራ በጽሑፍ የሚሠራ ነው፤ ከመድረክ ስንሰማው የምንቀበለውን በወረቀት ላይ ስናገኘው የምንነቅፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ቢሆንም ወንድምሽ የፈራው ነገር በታሪክ የታየ ነው። የሰባኪ ስብከት ከሰባኪው ጋር ይሄዳል፤ ማስታወሻው ግን ከቃሉ ጋር በአንድ ገጽ፣ በአንድ ሽፋን ይኖራል፤ አንባቢውም ከጊዜ በኋላ አንድን ሐሳብ ቃሉንና ማስታወሻውን ከሚለየው መስመር በላይ ይሁን ከመስመሩ በታች እንዳነበበው መለየት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1560 በጄኔቫ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኅዳጉ (በገጹ ጠርዝ) እጅግ ብዙ ማብራሪያ ነበረው። የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ በ1604 በሃምፕተን ኮርት በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ይህን እትም አጥብቆ የነቀፈው በማስታወሻዎቹ ምክንያት ነበር፤ አዋላጆቹ የፈርዖንን ትእዛዝ አለመፈጸማቸውን ተገቢ የሚያደርገው የዘጸአት 1፥19 ማስታወሻ በተለይ አላስደሰተውም። (ንጉሥ ያልወደደውን ማስታወሻ ማንበብ እኔን ይበልጥ ያጓጓኛል፤ እርሱ ግን ሌላ ነገር ነው።) ስለዚህ በ1611 የወጣው የንጉሡ ትርጉም የትምህርት ማብራሪያ እንዳይኖረው ተደረገ። የሚያስገርመው፣ ከ1701 ጀምሮ በዚያው ትርጉም ኅዳግ ላይ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ያሰላቸው ዘመናት መታተም ጀመሩ፤ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው የሚለው ስሌት ዘፍጥረት 1 አጠገብ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም ትውልድ ቁጥሩን ሙሴ ራሱ የጻፈው ያህል አድርጎ የያዘበት ጊዜ ነበር። በ1909 የወጣው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስም ታሪክን በሰባት ዘመናት የሚከፍለውን አስተምህሮ በማስታወሻዎቹ አማካይነት በሰፊው አሠራጭቷል። አስተምህሮው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ለጊዜው የማሳስብሽ የግርጌ ማስታወሻ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነው።

እንግዲህ የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ መያዝ ተገቢ ነው፤ የምትመርጪውም ወደ ቃሉ መልሶ የሚልክሽን እንጂ በቃሉ ፋንታ የሚናገርልሽን መሆን የለበትም። ይህን በሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ማስታወቂያ ማወቅ አይቻልም፤ ገልጠሽ መፈተን ይኖርብሻል።

ከማስታወሻው በፊት ትርጉሙን ተመልከቺ። ብዙ ሰው ስለ ካርታውና ስለ ሥዕሉ ይጠይቅና በየቀኑ የሚያነበው ከመስመሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ መሆኑን ይዘነጋል። ለጥናት የሚመቸው የዋናውን ቋንቋ አነጋገር በተቻለ መጠን የሚከተል ትርጉም ነው። ሐሳቡን በሰፊው ፈትቶ በራሱ ቃል የሚያቀርብ ትርጉም ለንባብ ይቀልላል፤ ነገር ግን ከማስታወሻው በፊት ትርጉሙ ራሱ ብዙውን ውሳኔ ወስኖልሽ ይጠብቅሻል። ማስታወሻዎቹ ለአንድ ትርጉም የተዘጋጁ ስለሆኑም የምትወጂውን ማብራሪያ ከማትወጂው ትርጉም ጋር ከወሰድሽ ሁልጊዜ ትቸገሪያለሽ።

ቀጥለሽ ሦስት ክፍሎችን ምረጪና በምታወዳድሪያቸው እትሞች ሁሉ ላይ እነዚያኑ ክፍሎች አንብቢ፦ አንዱ በሚገባ የምታውቂው፣ ሁለተኛው ክርስቲያኖች የሚለያዩበት፣ ሦስተኛው ፈጽሞ ያልገባሽ ይሁን። ለመጀመሪያው ኤርምያስ 29፥11ን ልውሰድልሽ፤ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን የማያውቅ የለም። ደካማ ማስታወሻ «እግዚአብሔር ለሕይወትህ መልካም ዕቅድ አለው» ብሎ ያልፋል። ይህን ለማለት ማስታወሻ አያስፈልግም ነበር። ጠንካራው ማስታወሻ ግን ንግግሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ከንጉሥ ኢኮንያን ጋር ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የተላከ ደብዳቤ መሆኑን ይነግርሻል፤ ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እየጸለዩ እንዲኖሩ የታዘዙበትን ቁጥር 5-7ን ያሳይሻል፤ ተስፋው ሰባ ዓመት ከተፈጸመ በኋላ እንደሚመጣ ቁጥር 10ን ያስነብብሻል፤ ከዚያም ወደ ምዕራፍ 28 መልሶ ሐናንያ የተባለው ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ እንደሚመለስ ለሕዝቡ ተናግሮ እንደ ነበር ያስታውስሻል። አሁን ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ ገባሽ፤ ተስፋውም ከሐናንያ የችኮላ ተስፋ የተለየ፣ በምርኮ ቤት ሠርቶ በትዕግሥት የሚጠበቅ መሆኑን ራስሽ አየሽ። ማስታወሻው የነገረሽ ሁሉ ከዚያው መጽሐፍ የሚገኝ ነው፤ የት እንደምታገኚው ብቻ ነው ያመለከተሽ። ማን ለማን እንደሚናገር ይጠፋብኛል ላልሽው ችግር መድኃኒቱ እንዲህ ያለው ማስታወሻ ነው።

ለሁለተኛው ሮሜ 9ን ወይም በራእይ 20 ያለውን ሺህ ዓመት ውሰጂ። እዚህ ላይ የምትፈልጊው አዘጋጆቹ አቋም የሌላቸው እንዲሆኑ አይደለም፤ አቋም የሌለው አዘጋጅ የለም፤ አለኝ የማይለውም ይበልጥ ሊያስፈራሽ ይገባል። የምትፈልጊው ሌላው ወገን የሚለውን፣ ያ ወገን ራሱ ቢሰማው «አዎን፣ የምለው ይህን ነው» በሚልበት መንገድ መግለጻቸውን ነው። ለሦስተኛው 1 ጴጥሮስ 3፥19 ጥሩ መፈተኛ ይሆናል፤ ክርስቶስ በወኅኒ ላሉት ነፍሳት ሰበከ የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን አነጋግሯል። ግልጹን ክፍል በሰፊው እያብራራ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም የሚል እትም ካጋጠመሽ ተዪው፤ እንዲህ ያለው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው።

ማርቆስ 16፥9-20ን ደግሞ ሳታዪ አትለፊ። ብዙ የማጥኛ መጻሕፍት ይህን ክፍል በቅንፍ ወይም በመስመር ለይተው ያስቀምጡታል፤ ምክንያቱም ከአራተኛው መቶ ዘመን የተገኙት የሲናና የቫቲካን የእጅ ጽሑፎች ወንጌሉን በቁጥር 8 ይጨርሱታል። አንዳንድ ምእመናን ይህን ሲያዩ ቃሉ የተቀነሰ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ነገር ግን የእጅ ጽሑፎች የሚለያዩበትን ቦታ ሳይደብቅ የሚናገር አዘጋጅ በሌላውም ቦታ ልታምኚው የምትችይው ነው። በዚሁ አጋጣሚ የታተመበትንም ዘመን እዪ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ጥቅልሎች ስለ ብሉይ ኪዳን የእጅ ጽሑፎች የነበረንን እውቀት እጅግ አስፍተውታል፤ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ማስታወሻ ይህን ሊነግርሽ አይችልም።

ስለ ቀረው ብዙ አልልም። ለየመጽሐፉ መግቢያ ይኑረው፤ ጸሐፊውን፣ ዘመኑን፣ ተቀባዮቹንና የተጻፈበትን ምክንያት ይናገር። የጥቅስ ማጣቀሻው የበለጸገ ይሁን፤ እኔ ብመርጥ ግማሹ ማብራሪያ ቀርቶ ማጣቀሻው ቢበዛልኝ እመርጣለሁ፤ መጽሐፍን በመጽሐፍ መተርጎም የሚለመደው በእርሱ ነውና። ካርታና የቃላት ማውጫ ይጠቅማሉ፤ የምእመናን የሕይወት ታሪክና የዕለት ጸሎት የተሞላበት ግን ለጥሞና የተዘጋጀ እንጂ ለጥናት አይደለም፤ ስሙ አያታልልሽ። አዘጋጆቹ እነማን እንደ ሆኑ በመግቢያው ገጾች ላይ አንብቢ፤ ስማቸውንም ሆነ የእምነት መግለጫቸውን የማይገልጽ እትም አትውሰጂ። የመጻሕፍቱ ቁጥር በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ስለሚለያይ ቤተ ክርስቲያንሽ የምትቀበላቸው ሁሉ መኖራቸውን አረጋግጪ። ፊደሉ ዓይንሽን የሚያደክም ከሆነም የቱንም ያህል ቢወደስ አታነቢውም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ክፍሉን ከመስመሩ በላይ ብቻ ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ የግርጌውን በወረቀት ሸፍኚው። ያልገባሽን በጥያቄ መልክ ጻፊ፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሺ። ጥያቄሽን የመለሰልሽን ማስታወሻ ያዢ፤ ያልጠየቅሽውን የሚነግርሽን ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ምስክር እንዳለው መርምሪ። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ «ነገሩ እንደዚህ ይሆንን?» ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መርምረዋል (የሐዋርያት ሥራ 17፥11)፤ የግርጌ ማስታወሻ ከጳውሎስ የበለጠ ክብር አይገባውም። በክፍሎቹ አናት ላይ ያሉት አርእስትም የአዘጋጆች ናቸው፤ የቁጥሮቹ አከፋፈል ራሱ በሐዲስ ኪዳን ዛሬ በያዘው መልኩ የወጣው ፈረንሳዊው አታሚ ሮቤር ኤስቲየን በ1551 ባሳተመው እትም ነው።

ለቡድንሽ ስትመሪ ማስታወሻውን ከጥቅሱ አያይዘሽ በአንድ ድምፅ አታንብቢ። ጥቅሱ ይነበብ፤ ሰዎቹ በክፍሉ ላይ ይነጋገሩ፤ ከዚያ «የዚህ እትም አዘጋጆች እንዲህ ይላሉ» ብለሽ ለይተሽ አቅርቢ። ሁሉም አባላት አንድ ዓይነት እትም እንዲይዙም አትጠይቂ፤ አንዲቱ እህት በያዘችው እትም ሌላ ማብራሪያ ስታገኝ የሚነሣው ክርክር ሁላችሁንም ወደ ክፍሉ ይመልሳችኋል፤ እዚያም ካልተፈታ ለመጋቢያችሁ አቅርቡት።