የሠርግ አበባ በአቅም

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሠርጌ ጥር መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ቀን ይሆናል። የዲኮር ባለሙያው አዳራሹን ሙሉ በሙሉ በተፈጥሮ አበባ ለማስጌጥ የጠየቀን ዋጋ ለምግብና ለመጠጥ ከመደብነው ገንዘብ ግማሽ ያህል ሆነብን። እናቴ «ሁሉም አርቴፊሻል ይሁን» ትላለች፤ እኔ ግን ቢያንስ በእጄ የምይዘው የተፈጥሮ አበባ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሳንበደር እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎ ሐሳብና የእርስዎ ምኞት የሚጣሉ አይደሉም። ወጪውን የሚያንረው ሙሽሪት የምትይዘው እቅፍ ሳይሆን ከሙሽሮች ወንበር ጀርባ የሚቆመው ግድግዳ፣ የመግቢያው ቅስትና በየጠረጴዛው የሚቀመጠው ማስጌጫ ነው። እንግዳው እነዚህን የሚያያቸው ከሩቅ ስለሆነ በኪራይ አርቴፊሻል አበባ፣ በነጭ ጨርቅና በመብራት ቢሠሩ የሚጎድል ነገር የለም። በእጅ የሚያዘው ግን ከቅርብ ይታያል፣ ይሸተታል፤ በፎቶግራፍም ከፊትዎ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለተፈጥሮ አበባ የሚያወጡትን ገንዘብ ለእርስዎ እቅፍ፣ ለሴት ሚዜዎችና ለሙሽራው ደረት ያውሉት፤ ሌላውን እንደ እናትዎ ሐሳብ ያድርጉት። ለሚዜዎችም አንዳንድ ዘንግ ጽጌረዳ በሪባን ታስሮ ቢሰጣቸው ይበቃል።

ጽጌረዳ ሲገዙ ስለ ዘንጉ ርዝመት ይጠይቁ። በአበባ ንግድ ባለ 40 እና ባለ 70 ሴንቲ ሜትር ጽጌረዳ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ እቅፍ የሚያስረው ባለሙያ ግን ዘንጉን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳጥሮ የተረፈውን ይጥለዋል። ረጅሙን የሚገዛ ሰው ለሚጣል እንጨት እየከፈለ ነው። ቀለሙንም ቢያስቡበት መልካም ነው። የካቲት 7 ቀን ገደማ የሚውለው የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ እንደ ሆለታና ባቱ ባሉ አካባቢዎች ያሉ እርሻዎች ቀይ ጽጌረዳን በብዛት ወደ ውጭ ስለሚልኩ፣ በእርስዎ ሠርግ ሰሞን ቀዩ ላይ የሙጥኝ ከማለት ነጩን ወይም ፈዛዛውን ሮዝ መምረጥ ያዋጣል። ጽጌረዳውን ካርኔሽን በተባለው ጠርዙ የተሸበሸበ አበባ ቢያበዙትና ጂፕሶፊላ በተባለው ጥቃቅን ነጭ አበባ ቢሞሉት ደግሞ እቅፉ ሞላ ብሎ ይታያል፤ ካርኔሽን አብዛኛውን ጊዜ ከጽጌረዳ ይረክሳል፣ በውኃ ውስጥም የበለጠ ይቆያል።

ለአረንጓዴው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ በእቅፍም በጠረጴዛም ላይ ያምራል፤ ወለሉን ቄጠማ ይችለዋል። በጥር በየአጥሩ የሚያብበው ቡጌንቪላ ለዳሱ መግቢያ ቢስማማም ከተቆረጠ ቶሎ ስለሚጠወልግ በዕለቱ ጠዋት ካልሆነ አይቁረጡት። ዐደይ አበባ የሚመኙ ሙሽሮችም አልፎ አልፎ ይጽፉልናል፤ ዐደይ ክረምቱ ሲወጣ ታይቶ የሚጠፋ በመሆኑ በጥር «አለኝ» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥምዎት የያዘው ፕላስቲክ ነው።

አበባው ከሩቅ ስለሚመጣ ዓርብ እጅዎ ቢገባ ይመረጣል። ሲረከቡ የእምቡጡን ሥር በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ ከለሰለሰ ግን ቆይቷል። ከዚያም የእያንዳንዱን ዘንግ ጫፍ በሰላ ቢላዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሸርተት አድርጎ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ ማራገፍና በንጹሕ ባልዲ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ከቀረ ይበሰብሳል፤ ብስባሹም የዘንጉን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ጽጌረዳው አንገቱን ይደፋል። ባልዲውን ጓዳ አያስቀምጡት። የሠርግ ቤት ጓዳ ሙዝና ፓፓያ የሚከማችበት ነው፤ የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያለ ጊዜው ያረግፋል፣ በተለይ ካርኔሽን አይችለውም።

ለፎቶ ፋሲል ግቢ የምትሄዱ ከሆነ የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ከባድ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቢሆን ይሻላል። ከሚዜዎቹ አንዷ ሩብ ያህል ውኃ ያለው ጆግና ትንሽ ፎጣ መኪና ውስጥ ትያዝ። እቅፉ በመንገድ ላይ ጆጉ ውስጥ ይቆማል፤ ከመውረድዎ በፊት ዘንጉ በፎጣው ካልደረቀ ግን ውኃው ቬሎው ላይ ይንጠባጠባል።

ከዲኮር ባለሙያው ጋር ገና ካልተፈራረማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። በጥር አዳራሾች ቅዳሜና እሑድ ተከታትለው ስለሚያዙ፣ የቅዳሜዎቹ ሙሽሮች ከተስማሙ የመድረኩን ማስጌጫ ወጪ መጋራት ይቻላል። በጠረጴዛ ላይ የሚውለው የተፈጥሮ አበባ ካለም ማታ ባለሙያው ይዞት እንዳይሄድና ለመልሱ እንዲተርፍ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የአበባው ዓይነትና የዘንጉ ብዛት፣ እንዲሁም ጠውልጎ ቢመጣ ማን እንደሚተካው አብሮ ይስፈር።