650 ወይስ 1000? ለደብረ ብርሃን መንገድ የቱ ይሻላል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን እየኖርክ በየቀኑ ለሥራ ጫጫ ትመላለሳለህ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቤተሰብ ለመጠየቅ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህ። ያገለገሉ ሁለት ሞተር ሳይክሎች፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 650 እና ባለ 1000 ሲሲው ያማሃ አር1፣ ቀርበውልሃል፤ «ደጋው ጉልበት ስለሚበላ ትልቁን ብይዝ አይሻልም ወይ?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ አብዛኞቹ «አቅም ካለህ ትልቁን» ብለዋል። እኔ አልስማማም። የምነዳው 650 ነው፤ የጓደኛዬን አር1ም በዚሁ መንገድ ደጋግሜ ነድቼዋለሁ።

ስለ ደጋው ያልከው እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ከባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ) ያለው ሞተር ቤንዚኑን ካለው አየር ጋር ይመጥንልሃል እንጂ የጎደለውን አየር ከየትም አያመጣም። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ከሆነማ ቤንዚን በዝቶበት ካንዴላው ይጠቁራል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሥራው። 650ው ወደ 68 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሩቡ ሲሄድ 50 ይቀርሃል። ትንሹ ሞተር ቦክሰር 150 ቆላ ወርዶ እንኳ 12 ገደማ ነው፤ በእሱ ሰዉ ሚስቱንና ጆንያውን ጭኖ ዳገት ይወጣል። አር1 ከ200 ገደማው ሩቡን ቢያጣ 150 ይቀረዋል። 20 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ጫጫ ለመድረስ 150 ፈረስ ምን ይሠራልሃል?

በየቀኑ የምትፈልገው ከዝቅተኛ ዙር (ሞተሩ በደቂቃ ከሚሽከረከረው) የሚመጣውን ጉልበት ነው። 650ው ባለ ሁለት ሲሊንደር ስለሆነ ዙሩ ገና 3,000 ላይ እያለ ይስባል። አር1 በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስድሃል። ሲነገር ደስ ይላል፤ ከተማ ውስጥ ከጋሪና ከባጃጅ ኋላ ስትጎተት ግን ማርሹ ረጅም ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ግማሽ በግማሽ ይዘህ ነው የምትሄደው። ግራ እጅህ ይዝላል፤ የሞተሩ ሙቀት ጭንህን ይጠብሰዋል። (በኅዳር ውርጭ ጠዋት ይህኛው አይጠላም፤ አልዋሽህም።)

አንድ ወንድማችን «እንግዲያው ያማሃ አር6 ያዝ፣ 600 ስለሆነ መካከለኛ ነው» ብሏል። ሲሲው መካከለኛ ነው፣ ጠባዩ ግን የውድድር ነው። ዋናውን ጉልበት የሚሰጥህ ዙሩ ከ10,000 ሲያልፍ ነው። በጫጫ መንገድ ላይ በጎቹ እየተሻገሩ 10,000 ዙር የት ታገኘዋለህ?

ዋናው ነገር ግን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው የጣርማበር ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት ስትሄድ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጫፍ ተነስተህ ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳለህ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት አድርገህ ከፀሐይ ከገባህበት ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነህ፤ ስለዚህ መስታወቱን የዋሻው አፍ ላይ ሳለህ ግለጠው። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁለትና ጥምዝ ብቻ ነው። ጭጋግ ከወረደ ከፊትህ ያለውን ሲኖትራክ ከማየትህ በፊት የፍሬኑ ሽታ ይደርስሃል። ናፍጣ እስከ አፉ የሞላ መኪና ጥምዝ ላይ ሲያዘነብል ከሳልባትዮው ያንጠባጥባል፤ የሚያንጠባጥበው ደግሞ አንተ ሞተሩን አጋድመህ ልታልፍበት ባሰብክበት መስመር ላይ ነው። እዚህ ላይ የአር1 እጀታ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክብደትህ በሙሉ የእጅ አንጓህ ላይ ያርፋል፤ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ይብስብሃል። ደብረ ሲና ደርሰህ ቆሎ ስትገዛ ጣትህ ለመዝገን አይታዘዝም። የ650ው እጀታ ከፍ ያለ ነው፤ ቀና ብለህ ትቀመጣለህ። ሁለተኛ አስገብተህ ጋዙን ስትለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ ፍሬኑን ለቁም ነገር ታስቀምጠዋለህ። ቁም ነገሩ ብዙውን ጊዜ አህያ ነው።

ለአር1 ፍትሕ ልስጠው። ከ2015 (በፈረንጅ) ወዲህ የወጡት የሞተሩን ማጋደል እየለኩ ጎማው እንዳይሾር የሚቆጣጠር ሲስተም አላቸው፤ በእርጥብ አስፋልት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2012 (በፈረንጅ) በፊት የወጣ ከሆነ የቀረበልህ ግን ያ ሁሉ ጉልበት በቀኝ እጅህ ብቻ ነው የሚገዛው። 650ውንም ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለውን ፈልግ።

ስለ ወጪ ብዙ አልልም። የአር1 የኋላ ጎማ 190/55 (ስፋቱ 190 ሚሊ ሜትር) ነው፤ እዚህ ጎሚስታ ጋ ሄደህ ብትጠይቅ ይስቅብሃል። የ650ው 160/60 ነው፤ እሱም እንደ ልብ አይገኝም፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ዋጋው ይቀላል። ቤንዚን በ650 በ100 ኪሎ ሜትር አራት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃሃል፤ 15 ሊትር ሞልተህ ሸዋ ሮቢት ደርሰህ ትመለሳለህ፣ ከዚያም ይተርፍሃል። አር1 ሰባት ገደማ ይጠጣል። ማደያ ሰልፍ በሚሆንበት ሰሞን ልዩነቱ ይገባሃል።

አዲስ አበባ የመግባት ሐሳብ ካለህ ከ2011 ወዲህ ያለውን የሞተር ፈቃድ ጉዳይ ከመግዛትህ በፊት አጣራ። ስታየውም ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በጠዋት ይነሳልህ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተቀጣጠር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር፤ አንዱ ካልገጠመ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስም ትተኸው ውጣ።