የእስክንድር ወራሾችን ሚዛን ስለ መጠበቅ፦ ጥያቄና መልስ

በ«ሮም ቶታል ዋር» እና በ«ሜዲቫል ቱ ቶታል ዋር» የኮምፒውተር ጌሞች ላይ የተሠሩት የሄለናዊው ዘመን ሞዶች (ተጫዋቾች ጌሙን ለውጠው የሚሠሯቸው ማሻሻያዎች)፣ በተለይም ዘመቻውን በ272 ዓመት የሚጀምረው «ዩሮፓ ባርባሮረም»፣ የታላቁ እስክንድርን ግዛት የተካፈሉትን ሦስት ሥርወ መንግሥታት በአንድ ካርታ ላይ ያፋጥጣሉ፤ እነሱም በእስያ ሴሌውቃውያን፣ በግብፅ በጥሊሞሳውያን፣ በመቄዶንያ ደግሞ አንቲጎናውያን ናቸው። የራሳችሁን ማሻሻያ በመሥራት ላይ ያላችሁ ተጫዋቾች ስለ ሦስቱ ሚዛን ለላካችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ መልሴ። በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ የሚመራቸው ሴሌውቃውያን በሁሉም ዘመቻ ማለት ይቻላል ምሥራቁን በሙሉ ይውጡታል። የፋላንክሳቸውን (ረጅም ጦር ይዞ ተጠጋግቶ የሚሰለፍ እግረኛቸውን) ጥንካሬ በመቀነስ ላስቆማቸው አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የጦሩን ጥንካሬ እንዳይነኩ አጥብቄ እመክራለሁ። የሴሌውቃውያን ችግር በጦር ሜዳ ደካማ መሆናቸው አልነበረም፤ ያሸነፉትን ምድር ይዘው መቆየት አለመቻላቸው ነበር። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ቀዳማዊ ሴሌውቆስ በ281 በኮሩፔድዮን ጦርነት የትራቄን ንጉሥ ሊሲማኮስን ገድሎ ከእስክንድር ወዲህ ሰፊውን ግዛት በእጁ ካስገባ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወደ አውሮፓ እንደተሻገረ፣ አስጠግቶት በነበረው በበጥሊሞስ ኬራውኖስ እጅ ተገደለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚሁ ተከታታይ ነው፤ የጴርጋሞን ገዥ ኤውሜኔስ በ262 ገደማ ሰርዴስ አጠገብ ቀዳማዊ አንጥዮኮስን አሸነፈ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባክትርያ በዲዮዶቶስ ሥር ተገነጠለች፣ ጳርቴ ተከተለች፣ ዳግማዊ ሴሌውቆስና ወንድሙ አንጥዮኮስ ሂራክስ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፣ በ222 የሜዶን ገዥ ሞሎን ዐመፀ፣ እሱ ሲወገድ በ220 አካዮስ በትንሿ እስያ ራሱን ንጉሥ አደረገ። ከእነዚህ መካከል አንዱም የደረሰው የንጉሡ ፋላንክስ ጦሩን በደንብ ስላልያዘ አይደለም።

በጌሙ ውስጥ ግን ከተማ በተጨመረ ቁጥር ገቢ ይጨምራል፣ ገቢ በጨመረ ቁጥር ጦር ይበዛል፣ የሚያስቆመው ነገር የለም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የመግዛት ዋጋ ነው። ከኤፍራጥስ ማዶ ርቀው የሚገኙ አውራጃዎች የአገሬው ገዥ አስተዳደር የሚል ሕንፃ ይኑራቸው፤ ይህ ሕንፃ ጸጥታውን ያስጠብቅ፣ የአካባቢውን ፈረሰኛና ቀስተኛ ያስመልምል፣ ለግምጃ ቤቱ ግን እጅግ ጥቂት ያስገባ። የመቄዶንያ ሰፋሪዎች ፋላንክስ ደግሞ ሰፋሪዎቹ በእርግጥ በሠፈሩባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ማለትም በሰሜን ሶርያ፣ በመስጴጦምያና በትንሿ እስያ በተወሰኑ ከተሞች ብቻ ይመልመል። ባክትርያ ላይ ዐመፅ የተነሣበት ንጉሥ ከአንጾኪያ ጦር ይዞ ለመሄድ ስንት ተራ እንደሚፈጅበት ሲቈጥሩት፣ ኮምፒውተሩም ሆነ ተጫዋቹ የሚጨነቅበት ምክንያት ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ ከዋና ከተማ ርቀት የተነሣ የሚመጣው ቅሬታ ለሴሌውቃውያን ከልክ በላይ አይከብድም?

መልስ፦ ሳይስተካከል ከተተወ ይከብዳል፤ ጌሙ አንድ ዋና ከተማ ብቻ ስለሚያውቅ። ሴሌውቃውያን ግን ከአንጾኪያ ሌላ በጤግሮስ ዳር ሴሌውቅያ ነበረቻቸው፤ ሰርዴስም የምዕራቡ መቀመጫ ነበረች። ለእነዚህ ሁለት ከተሞች የርቀቱን ቅሬታ በከፊል የሚያቃልል ልዩ ሕንፃ ስጧቸው። በከፊል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ካቃለላችሁት ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጥሊሞሳውያን ደግሞ ገንዘባቸው አያልቅም። የግብፅን ሀብት ከቀነስኩ ታሪክን ማዛባት ይሆንብኛል፤ ካልቀነስኩ ደግሞ ማንም አይችላቸውም። መካከለኛ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከሦስቱም ይበልጥ የምወደው ይህንኑ ነው። ሀብቱን አይንኩት። የናይል እህልና የእስክንድርያ ንግድ እውነተኛ ነበር፤ የውጭ ሳንቲም ወደ አገሩ የገባ ሁሉ በቀለለው የንጉሡ ሳንቲም እንዲለወጥ ይገደድ ስለነበር፣ ከዚያ ልዩነት የሚገኘው ትርፍም የግምጃ ቤቱ ነበር። እጥረታቸው የሰው ነው። የጦራቸው አከርካሪ መሬት እየተሰጣቸው በግብፅ የሰፈሩ መቄዶናውያንና ግሪኮች ነበሩ፤ እነሱም ጥቂት ነበሩ፣ ቢሞቱ ቶሎ የሚተካቸው የለም።

ይህ እጥረት በ217 በራፊያ ጦርነት በግልጽ ታይቷል። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደጻፈው ራብዓዊ በጥሊሞስ 70,000 እግረኛ፣ 5,000 ፈረሰኛና 73 ዝሆን አሰለፈ፤ ሣልሳዊ አንጥዮኮስ ደግሞ 62,000 እግረኛ፣ 6,000 ፈረሰኛና 102 ዝሆን ነበረው። በጥሊሞስ ይህን ያህል ሰው ያገኘው ወደ 20,000 ግብፃውያንን በመቄዶንያ ሥርዓት አስታጥቆ በፋላንክስ ስላሰለፈ ነው። ድሉን አገኘ። ነገር ግን ያው ጸሐፊ እንደሚለው ግብፃውያኑ በድሉ ልባቸው ስለኮራ ለሌላ ጌታ መታዘዝን ናቁ፤ ዐመፁ ተስፋፍቶ ከ205 እስከ 186 ድረስ ላይኛው ግብፅ የራሱን ፈርዖኖች አንግሦ ኖረ።

እንግዲህ ታሪኩ ራሱ የጌም ሕግ ሠርቶ ሰጥቶናል። የሰፋሪዎቹ ፋላንክስ በጣም ቀስ ብሎ የሚተካ ይሁን። ከዚያ በሜምፊስና በቴብስ «የግብፃውያን ፋላንክስ» የሚባል ሕንፃ አስቀምጡ፤ ርካሽና ብዙ እግረኛ ያስመልምል፣ ሆኖም አንዴ ከተሠራ በላይኛው ግብፅ ከተሞች ላይ የማይነቀል ቅሬታ ይጨምር። ሀብታሙ ንጉሥ በችግሩ ቀን የሚገዛው ድል ዕዳው ለልጁ የሚተላለፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የበጥሊሞሳውያን ዝሆኖች ከእኛው አካባቢ የተወሰዱ ሆነው ሳለ በሁሉም ሞድ ከህንድ ዝሆን አንሰውና ደክመው ነው የምናገኛቸው። ይህ ትክክል ነው ወይስ ንቀት?

መልስ፦ ቅሬታዎ የሚገባ ነው፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን መታረም ያለበት ነው። ፖሊቢዮስ በራፊያ የአፍሪካ ዝሆኖች ብዙዎቹ የህንዶቹን ሽታና ጩኸት መቋቋም አቅቷቸው፣ በግዝፈታቸውም ደንግጠው እንደ ሸሹ ጽፏል። ከዚህ በመነሣት ለረጅም ጊዜ ትናንሾቹ የደን ዝሆኖች ናቸው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዘር ጥናት ግን በኤርትራ በጋሽ ባርካ ዛሬ ያሉት ዝሆኖች የሜዳ ዝሆን ዝርያ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የዝሆኑን አካልና ጉልበት ማሳነሱን ትተው፣ የህንድ ዝሆን ፊት ለፊት ሲገጥመው ሞራሉ የሚወድቅ ያድርጉት። በሌላ ጠላት ላይ ሲዘምት የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ምልመላውም ከባሕሩ ጋር ይያያዝ። በጥሊሞሳውያን በቀይ ባሕር ዳር በጥሊማይስ ቴሮንን የመሠረቱት ለዝሆን አደን ነው፤ በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የገለበጠው የሣልሳዊ በጥሊሞስ ሐውልትም እሱና አባቱ ከትሮግሎዲት ምድርና ከኢትዮጵያ ዝሆኖች አስይዘው ለጦርነት እንዳሠለጠኑ ይናገራል። ያንን ጠረፍ ያጣ በጥሊሞስ ዝሆን አያግኝ። ሴሌውቃውያንም እንዲሁ የምሥራቁን መንገድ ሲያጡ ዝሆናቸው ይንጠፍ። ቀዳማዊ ሴሌውቆስ ከህንዱ ንጉሥ ከቻንድራጉፕታ ተቀበለ የሚባሉት 500 ዝሆኖች ለህንድ ድንበር የተዉት ምድር ዋጋ ነበሩ፤ ሣልሳዊ አንጥዮኮስም 150 ያህል ያደረሳቸው ከ212 እስከ 205 የፈጀውን የምሥራቅ ዘመቻ ዘምቶ ነው።

ጥያቄ፦ መቄዶንያ ወይ በኤጲሮስና በግሪክ ከተሞች መካከል ተጨፍልቃ ትጠፋለች፣ ወይ ምንም ሳታደርግ ትቀመጣለች። ገንዘብ ልጨምርላት?

መልስ፦ ገንዘብ ቢጨምሩላት ሁለተኛ ግብፅ ትሆንብዎታለች፤ የእሷ ጠባይ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። ድሃ ናት፣ ወታደሮቿ ግን የራሷ ገበሬዎች ናቸው። የአገሬው ፋላንክስ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ብዛቱ ግን በመቄዶንያ ከተሞች ብቻ የተወሰነ ይሁን። እዚህ ላይ የሁለቱ ጌሞች ልዩነት ይመጣል፤ በ«ሮም» የተመለመለው ሰው ከከተማው ሕዝብ ላይ ይቀነሳል፣ በ«ሜዲቫል ቱ» ግን እያንዳንዱ ጦር በየተራው የሚሞላ የራሱ ክምችት አለው። ለዚህ ሥራ ሁለተኛው እጅግ ይመቻል።

በ272 የዘመቻው መነሻ ላይ የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሩስ ገና በሕይወት አለ፤ በዚያው ዓመት ነው በአርጎስ ጎዳና ላይ የሞተው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች የመቄዶንያው ንጉሥ አንቲጎኖስ ጎናታስ እንዲተርፍ አድርጎ መቅረጽ አድልዎ አይደለም። ከዚያ በኋላ ደቡቡን የያዘባቸው ሦስት ምሽጎች፣ ማለትም ዴሜትርያስ፣ ካልኪስና ቆሮንቶስ፣ «የግሪክ እግር ብረቶች» ተብለው ይጠሩ ነበር። ሦስቱንም ለያዘ ወገን በግሪክ የሚነሣውን ቅሬታ ዝቅ አድርጉለት፤ አንዱን ሲያጣ ደግሞ ሁሉም ይቅርበት። የአካይያ ኅብረት መሪ አራጦስ በ243 ቆሮንቶስን በሌሊት ሲወስዳት የሆነው ይህንኑ የሚመስል ነው።

ጥያቄ፦ በሶርያ ድንበር ላይ ሴሌውቃውያንና በጥሊሞሳውያን ለዘላለም ይዋጋሉ፤ ወይም ይታረቁና እንደገና አይነካኩም።

መልስ፦ እውነተኛዎቹ የሶርያ ጦርነቶች በመካከላቸው ረጅም ፋታ ነበራቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚቀሰቅሳቸው የንጉሥ ሞት ነበር። ሦስተኛው የጀመረው በ246 ዳግማዊ አንጥዮኮስ ሞቶ ሁለቱ ሚስቶቹ ላኦዲቄና ቤሬኒቄ ስለ ልጆቻቸው ዙፋን ሲጣሉ ነው፤ የቤሬኒቄ ወንድም ሣልሳዊ በጥሊሞስ እስከ መስጴጦምያ ዘልቆ፣ በአገሩ ሁከት ስለተነሣ ተመለሰ። አምስተኛውም የመጣው በግብፅ ዙፋን ላይ ሕፃን በተቀመጠ ጊዜ ነው። የ«ሜዲቫል ቱ» ስክሪፕት (ለጌሙ የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር) የሁለት ወገኖችን ግንኙነት ወደ ጦርነት ወይም ወደ ሰላም ለመለወጥ ስለሚያስችል፣ ከሁለቱ ወገኖች የአንዱ ንጉሥ ሲሞት ጦርነት እንዲነሣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንዲበርድ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ለተዳከመው ወገን በስክሪፕት ገንዘብ መስጠት ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ ተጫዋቹ ካልተቀበለው አይደለም። ድጎማው በከተሞች ብዛት ይወሰን፤ ያነሰው ያግኝ፣ የሰፋው አያግኝ። ከሰፋው ላይ በአንድ ጊዜ መንጠቅ ግን ክፉ ነው። ኮምፒውተሩ ዕዳ ውስጥ ሲገባ መመልመልም መገንባትም ያቆማል፤ ግዛቱም ጎረቤት ለመጣለት ሁሉ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መነሻውን ወደ 301 ብንመልሰው ሚዛኑ አይሻልም? ያኔ ወራሾቹ ብዙ ነበሩ።

መልስ፦ ለተጫዋች ደስ ይላል፣ ለሠሪው ግን ይከብዳል። በ301 ከተደረገው ከኢጵሶስ ጦርነት በኋላ ሴሌውቆስ፣ ሊሲማኮስ፣ ካሳንድሮስና በጥሊሞስ አሉ፤ የ81 ዓመቱ አባቱ አንቲጎኖስ በጦርነቱ የሞተበት ድሜጥሮስ ደግሞ ኃይለኛ መርከቦችና ጥቂት የባሕር ዳር ከተሞች ይዞ ይንከራተታል። መርከብን በአግባቡ መጠቀም ለማይችል ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ወገን መስጠት በሁለት ዓመት ውስጥ ማጥፋት ነው። ከሞከራችሁት ድሜጥሮስን ለሰው ተጫዋች ብቻ ክፍት አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሚዛኑ መስተካከሉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከዳር ያለች አንዲት ትንሽ ወገን ይዘው፣ ምንም ሳያደርጉ ተራ እያሳለፉ ዘመቻውን ደጋግመው ያስኪዱ። ሦስቱም እኩል ሆነው መቆየታቸውን አይጠብቁ፤ መጠበቅ ያለብዎ በየዘመቻው የሚቸገረው ወገን የተለያየ መሆኑን፣ ችግሩም ከራሱ ጠባይ የመነጨ መሆኑን ነው። ግብፅ በዐመፅ፣ እስያ በመገንጠል፣ መቄዶንያ በሰው እጥረት ከተዳከሙ ሥራዎ ተሳክቷል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኮምፒውተሩ ከኮምፒውተር ጋር ሲዋጋ ውጊያው በሜዳ አይካሄድም፤ በስሌት ብቻ ይፈታል። ስሌቱ የፋላንክሱ ጎን መጋለጡንና መሬቱ ወጣ ገባ መሆኑን አያይም፤ የጥቃትና የመከላከያ ቁጥሩን ብቻ ይደምራል። በዚህ የተነሣ ብዙ ፋላንክስ ያለው ወገን ከሚገባው በላይ ያሸንፋል፤ ቀላል እግረኛና ፈረሰኛ የሚያዘምቱት ጳርቴያውያንም ከሚገባው በላይ ይሸነፋሉ። የመጀመሪያው ጠያቂ ያየው የምሥራቁ መዋጥ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። የፋላንክሱን ቁጥር ዝቅ ካደረጉ ተጫዋቹ ራሱ በሜዳ ሲገጥመው እንደ ገለባ ይሆንበታል፤ ስለዚህ የፈረስ ቀስተኞቹን ቁጥር በጥቂቱ ከፍ አድርገው፣ የዘመቻውን ሙከራ እንደገና ያስኪዱ።